ለአዲሷ የዕድር ጸሐፊ፦ ጥሩምባው ለቀብር ብቻ አይነፋ

ልጄ፣ የዕድራችን ጸሐፊ ሆነሽ መመረጥሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ልብሽ ቅን ነው። ሥራ ማሳደር ግን ትወጃለሽ፤ "ነገ እጽፈዋለሁ" ያልሽው ስንት ጊዜ ሳምንት እንደሞላው አንቺም ታውቂዋለሽ።

ስለ ድንኳኑና ስለ ወንበሩ አልጽፍልሽም፤ እሱን ንብረት ክፍሉ ያሳይሻል። የምጽፍልሽ ስለ ቤት ነው። እዚህ ሐረር፣ በሸዋ በርም ሆነ በግንቡ ውስጥ በጀጎል ሰው ሲሞት ድንኳን ሳይተከል ቁጭ የሚል የለም። ያው ጎረቤታችን በቁሙ ቤቱ በሐራጅ ሲሸጥበት ግን ወሬውን የምናገኘው ከጋዜጣ ማስታወቂያ ነው። ከዚያ "ምነው ሳይነግረን!" እንላለን። እኛስ መቼ ጠየቅነውና? ይህን እናንተ እንድትለውጡት እፈልጋለሁ። ቁጥር ሰጥቼ የጻፍኩት አንዱንም እንዳትዘይ ብዬ ነው።

1. መቀጫ ከመጻፍሽ በፊት ጠይቂ። የቤተሰብን ችግር ከዕድርተኛው ሁሉ ቀድሞ የሚያየው ጸሐፊ ነው። በየወሩ ራሱ መጥቶ ይከፍል የነበረ ሰው መዋጮውን በልጁ እጅ መላክ ይጀምራል። ቀጥሎ አንድ ወር ይዘላል። ቀጥሎ የሁለቱን ወር አንድ ላይ ይከፍልና ስብሰባ ላይ አይታይም። ለቅሶ ቤት ሚስቱ ትመጣለች፣ እሱ የለም። እኛ ይህን ስናይ ደንቡን አውጥተን መቀጫ እንጽፍበታለን። አንቺ መቀጫውን አቆይተሽ አንድ ማታ ቤቱ ሂጂ፤ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪጠጣ ቁጭ በይ። ቤት የሚያስወስድ ዕዳ ሐራጅ ከመውጣቱ ብዙ ወር ቀድሞ የጀመረ ነው። በእነዚያ ወራት የተነገረ ዕዳ መላ አያጣም፤ በመጨረሻው ሳምንት የተነገረው ግን ከማዘን በቀር ብዙ የሚያስደርግ ነገር የለውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ነው።

2. የሰማሽውን ያዢ። ሐረር ጠባብ ከተማ ናት። ፈረስ መጋላ ላይ የተነገረ ወሬ አንቺ እየተራመድሽ ጊድር መጋላ ሳትደርሺ ቀድሞሽ ይደርሳል። ነጋዴ ዕዳ ውስጥ ገባ ከተባለ ዱቤ የሚሰጠው ሰው እጁን ይሰበስባል፤ ትናንት ዝም ያለው አበዳሪ ሁሉ ዛሬ በሩን ያንኳኳል። ስለዚህ ገመናን መጠበቅ ከጨዋነትም በላይ የሰውየውን እንጀራ መጠበቅ ነው። ጉዳዩን አውቆ ለመከታተል ሦስት ሰው ይበቃል፤ አንዷ ሴት ትሁን። ጠቅላላ ጉባኤው "አንድ አባላችን" ከሚለው ያለፈ አይስማ፤ ቃለ ጉባኤውም ላይ ስም አይግባ።

3. ሕጉን ሳታውቂ ሰው አታጽናኚ። "ግድ የለም፣ ፍርድ ቤት ያግድልሃል" የሚለው ምክር ስንቱን ቤት አሳጥቷል። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አበዳሪ የያዘውን ቤት በገዛ እጁ እንዲሸጥ አይፈቅድም፤ በአንቀጽ 3060 መሠረት ተበዳሪው አስቀድሞ "ካልከፈልኩ ሽጠው" ብሎ ቢፈርም እንኳ ፊርማው ዋጋ የለውም። አበዳሪ ከስሶ፣ አስፈርዶ፣ በአፈጻጸም ነው የሚያሸጠው። ዘመድ ለዘመድ፣ ነጋዴ ለነጋዴ ሲያበድር ደንቡ ዛሬም ይኸው ነው። ለባንኮች ግን በ1990 የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ሌላ መንገድ ከፈተ። በብድር ውሉ ላይ ለባንኩ የመሸጥ ሥልጣን ከተሰጠ፣ ዕዳው በጊዜው ሳይከፈል ሲቀር ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ራሱ በሐራጅ ይሸጣል። ክስ የለም፣ ቀጠሮ የለም። ያንን ሥልጣን የሚሰጠው አንቀጽ ደግሞ አስቀድሞ በታተመው ውል ውስጥ አለ፤ ተበዳሪው ገንዘቡን እያሰበ ገጹን ሁሉ ይፈርማል፣ የሚያነበው የለም።

የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ሲመጣ ብዙ ሰው ምን ያደርጋል መሰለሽ? አጥፎ ቁም ሳጥን ላይ ያደርገዋል። ያላነበበው ደብዳቤ ያልመጣ ይመስለዋል። ቀኑ ግን ይቆጠራል። ከዚያ የሐራጅ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ የተበዳሪው ስም፣ የአስያዡ ስም፣ የቤቱ አድራሻ፣ የካርታው ቁጥር፣ የቦታው ስፋት፣ የሐራጁ መነሻ ዋጋ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ሁሉም በአንድ ሠንጠረዥ። ተጫራች የመነሻውን ሩብ በሲፒኦ ይዞ እንዲመጣ ይነገራል። ቤቱ ከዕዳው በላይ ከተሸጠ ትርፉ የባለቤቱ ነው፤ ካነሰ ቀሪው ዕዳ ተበዳሪውን ይከተለዋል። ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን አያውቅም፤ ቤቱን ሰጥቶ የተገላገለ ይመስለዋል። ባንኩ ሥርዓቱን ሳይጠብቅ ከሸጠ ለደረሰው ጉዳት ካሳ የመክፈል ኃላፊነት አለበት። ግን ካሳ የሚጠየቀው በማስረጃ ነውና ፖስታው እንኳ አይጣል፤ የደረሰበት ቀን ጀርባው ላይ ይጻፍ። የሕግ ሰው ሲያስፈልግ ገንዘብ የለንም ብላችሁ አትቀመጡ፤ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አቅም ለሌለው ሰው ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥባቸው ማዕከላት አሉት።

4. የባልና የሚስትን ቤት አንዱ ብቻውን አያሲዝ። በ1992 የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ ለማስያዝ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ችግሩ ፊርማው አለመኖሩ አይደለም፤ ፊርማው አለ፣ ንባቡ ነው የሌለው። ባልየው ሴቲቱን ከምድጃ ጠርቶ ያመጣታል፤ ባንኩ ኮሪደር ላይ ቆማ "እዚህ ጋ፣ እዚህም ጋ" እየተባለች ትፈርማለች፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ሳይመለስ ብላ ቸኩላ ትሄዳለች። ዕዳውን የምትሰማው ቤቷን ሊገምት መሐንዲስ ሲመጣ ነው። በዕድሩ ውስጥ ላሉት ሴቶች በግልጽ ንገሪያቸው፦ ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ፣ የውሉን ቅጂ ሳትይዙ ከባንኩ አትውጡ። ባሎቹ ይቀየሙሽ ይሆናል። ይቀየሙ።

5. አራጣን በስሙ ጥሪው። ከባንክ ይልቅ ሰውን ባዶ እጁን የሚያስቀረው ይኸኛው ነው። ባንክ ማስታወቂያ ያወጣል፤ አራጣ አበዳሪ ምንም አያወጣም። ብድሩን እንደ ብድር አያስጽፈውም። የቤት ሽያጭ ውል ያስፈርማል፣ ወይም "ለዋስትና ያህል ነው" ብሎ ቤት የመሸጥ የመለወጥ ውክልና ያሰጣል። ካርታውን ይወስዳል። የወሩን ወለድ እየበላ ይቆይና ተበዳሪው አንድ ወር ሲያጎድል ውሉን አውጥቶ "ቤቱን ገዝቼዋለሁ" ይላል። ያኔ ሽማግሌ ቢሰበሰብ፣ ቢማለድ፣ ወረቀቱ ሽያጭ ነው የሚለው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2479 በግለሰቦች መካከል ያለ የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወስኗል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 712 አራጣን ወንጀል አድርጎታል። ታዲያ በወር ከመቶ 10 የሚቀበለውን ሰው ማን ይክሰሰው? የተበደረው ይፈራል፣ ያፍራልም። በተለይ እኛ ከተማ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በሞላበት፣ አራጣ በሁለቱም ሃይማኖት ኃጢአት ስለሆነ ሰጪውም ተቀባዩም ይደብቁታል። ድብቅነቱ ደግሞ የሚጠቅመው ሰጪውን ነው። ስለዚህ የዕድሩ ሦስት ሰዎች የመጀመሪያ ጥያቄ "ምን ያህል ተበደርክ?" አይሁን፤ "ምን ወረቀት ላይ ፈረምክ?" ይሁን። ውክልና ሰጥቶ ከሆነ ያንኑ ዕለት ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ መሻር ይችል እንደሆነ ይጠየቅ። ከሰጪው ጋር የምትነጋገሩ ከሆነም ሃይማኖት አባት አስከትላችሁ ሂዱ። አንዳንዱ ከሕግ አንቀጽ ይልቅ ሼኹን ወይም ቄሱን ያፍራል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

6. ወደ ባንክ ብቻውን አይሂድ። ዕዳ ያለበት ሰው ብድር ክፍሉ በር ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይከዳዋል። ሊናገር ያሰበውን ይረሳል፤ የተባለውንም በቅጡ አይሰማም፤ "እሺ ጌታዬ" ብሎ ይወጣል። ሁለት ሰው አብሮት ይሂድ፣ አንዱ ይጻፍ። ይህ ሌላ አገርም ተሞክሯል፤ እስፔን ውስጥ ከ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) የገንዘብ ቀውስ በኋላ ቤተሰቦች በየቀኑ ከቤታቸው ሲባረሩ፣ በባርሴሎና እ.ኤ.አ. በ2009 የቤት ብድር ዕዳ ያጠቃቸው ሰዎች ማኅበር አቋቋሙ። ሥራቸው የጀመረው በጣም ቀላል በሆነ ነገር ነበር፦ በየሳምንቱ ተሰብስቦ ዕዳን ጮክ ብሎ መናገር፣ ከዚያም አንዱ አንዱን አጅቦ ባንክ መሄድ። ከመሥራቾቹ አንዷ አዳ ኮላው እ.ኤ.አ. በ2015 የባርሴሎና ከንቲባ ሆነች። እኛ ከእነሱ ቀድመን ዕድር ነበረን፤ የጎደለን ጮክ ብሎ መናገሩ ነው።

ባንኩ ጋ ስትሄዱ ልመና ይዛችሁ አትሂዱ፤ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ከውዝፉ ዛሬ ምን ያህል ይከፈላል፣ ቀሪው በየወሩ ስንት ስንት፣ ገቢው ከየት ይመጣል። የብድሩ ጊዜ እንዲራዘም ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ፤ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ በእናንተ ቅጂ ላይ ማህተም፣ ቁጥርና ቀን ይረፍበት። በቃል የተባለ እሺታ ሥራ አስኪያጁ ሲዛወር አብሮ ይዛወራል። ባንክ ቤት መሸጥ ያስደስተዋል ብለሽ ደግሞ አታስቢ። ሐራጅ አስወጪ ነው፤ ገዢም አይገኝም ይሆናል። ቁርጥ ያለ ዕቅድ ይዞ የመጣን ሰው፣ ከኋላው ሽማግሌዎች ካሉት፣ ብዙውን ጊዜ ያዳምጡታል።

7. አንድ ዕድር ብቻውን አይችለውም። የሰውየው ውዝፍ የዕድሩን ካዝና ይበልጣልና። እዚህ ላይ ሐረር ትልቅ ሀብት አላት፤ እሱም አፎቻ ነው። የሐረሪዎቹ አፎቻ ለሠርግና ለለቅሶ የቆመ ማኅበር ነው፤ የወንዶቹ ለብቻ፣ የሴቶቹ ለብቻ። የሴቶቹን አፎቻ ያየ ሰው ሥርዓት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የማን ቤት ምን እንደጎደለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ፒተር ኮህንና ሲድኒ ዋልድሮን እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ አፎቻ ያወጡት ጥናት በማኅበረሰቡና በአስተዳደሩ መካከል ያለ ማገናኛ ነው ብሎ ነበር የተነሣው። ማገናኛነቱን ዛሬም አልተወም፤ እኛ ነን የማንጠቀምበት።

ሥራው ሲከፋፈል ይቀላል። ዕድሩና አፎቻው ቀድመው ይሰማሉ፣ ያጽናናሉ፣ ሽማግሌ ይልካሉ። ብድር መስጠት የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ፋንታ ነው፤ እሱ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚተዳደር፣ ለዚሁ የቆመ ድርጅት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ሙሉው ዕዳ አይደለም፤ የሁለትና የሦስት ወር ውዝፍ ከተከፈለ ባንኩ ይታገሣል። ዕቁቡ ደግሞ በዳኛው ፈቃድ ቀጣዩን ዕጣ ለተቸገረው ሊለቅለት ይችላል። ዕቁቡን በቅናሽ እንዲሸጥ ግን አትምከሪው፤ ያ ሌላ ጉድጓድ ነው። መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ አራጣ አበዳሪውን ይገሥጹ። ውጭ ያሉት ልጆቻችንም፣ ቶሮንቶም ይሁኑ ዋሽንግተን፣ ከሐራጁ በኋላ ለለቅሶ ከሚደውሉ አስቀድሞ ይነገራቸው።

"ሐረሪው ለብቻው፣ አማራው ለብቻው፣ ኦሮሞው ለብቻው ነው፤ እንዴት አብሮ ይሠራል?" የሚል አይጠፋም። እነዚህ ሰዎች በአንድ ገበያ ይገዛሉ፣ በአንድ ባንክ ይበደራሉ፣ በአንድ ጋዜጣ ላይ ስማቸው ይወጣል። ቤት ማጣት ለዚች ከተማ አዲስ አይደለም። ሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ቀረለት፤ የቀረው "ትርፍ ቤት" ተብሎ የመንግሥት ሆነ፤ በጀጎል ውስጥ ስንት ነባር ቤት የቀበሌ ቤት ሆኖ ቀረ። ያኔ ማንም ለማንም ሊቆምለት አልቻለም፣ አዋጅ ነበርና። ዛሬ የሚጠፋው ቤት ግን በውል ነው የሚጠፋው፤ ውል ደግሞ ሳይፈረም በፊትም፣ ከተፈረመ በኋላም ሰው ሊደርስበት ይችላል።

8. የዕድሩን ገንዘብ አታበድሪ። እለምንሻለሁ። ልብሽ ይራራልና ይህን ታደርጊያለሽ ብዬ እፈራለሁ። የቀብር ገንዘብ የሞተ ሰው ገንዘብ ነው፤ ነገ ለማን እንደሚያስፈልግ አይታወቅም። አንዴ ለአንዱ ከተሰጠ ለሌላው መከልከያ የለም፤ ያልመለሰው ደግሞ ከዕድሩ ይጠፋል፣ እኛም ቤቱን ለማዳን ብለን ሰውየውን እናጣለን። ማድረግ የሚቻለው በጉባኤ ተወስኖ ከወርኃዊው መዋጮ ተለይታ የምትሰበሰብ ትንሽ ተጨማሪ መዋጮ ናት፤ የራሷ መዝገብ፣ የራሷ ደረሰኝ ይኑራት። ከውስጧም ለአንድ ሰው ሊወጣ የሚችለው መጠን በደንብ ይጻፍ።

9. ለንግድ ብድር መኖሪያ ቤት አይያዝ፣ ሌላ ከተገኘ። ጫት ከአወዳይ የሚጭን፣ ቡና የሚሰበስብ፣ መኪና ግርግር ላይ ስፌት የከፈተ ወጣት ሁሉ አንድ ቀን ያባቱን ቤት ያስይዛል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ጫት በአንድ ሌሊት ይረክሳል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ቤቱ ግን ተይዟል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 መኪና፣ ማሽን፣ የተከማቸ እህልና ቡና፣ ከብት ጭምር በመያዣነት እንዲመዘገብ ፈቅዷል። አበዳሪው ይህን አይወደውም፤ ቤት ይቀለዋል። ወጣቱ ግን መጠየቅ አለበት። ወለድ ላለመንካት የሚፈልግ ሰውም ዛሬ ከወለድ ነፃ የሚሠሩ ባንኮች አሉለት፤ ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ጀምሯል። ይሁንና ከወለድ ነፃ ማለት ከመያዣ ነፃ ማለት እንዳልሆነ አስረጂው። ብዙ ሰው ይህን ያምታታል።

የጀጎል ቤት ላለው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የጀጎልን ነባር ቤት ያየ ሰው ያውቃል፤ ሲገባ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት መደቦች፣ ነደባዎቹ፣ ግድግዳው ላይ የተደረደረው ሙዳይና ሳህን፣ ለሙሽሮች የተለየችው ጓዳ። ሐረር ጀጎል በ1998 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው በእንዲህ ዓይነቱ ቤትና በግንቡ ነው። የባንክ መሐንዲስ ግን የሚለካው ካሬውንና ግንባታውን ነው፤ ነደባ በብር አይገመትም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤት ሲያዝ ባለቤቱ የሚያጣው ከሚያገኘው ብድር ጋር አይመጣጠንም። ወንድምና እህት በጋራ የወረሱት ከሆነ ደግሞ ሁሉም ሳይስማማ አንዱ ካርታውን ይዞ ባንክ አይሩጥ፤ አምስት ቤተሰብ በአንድ ልጅ ፊርማ ሜዳ ላይ ይወድቃል።

10. ዋስ የሚሆነውን አስጠንቅቂ። "ስሜን ብቻ ነው የሰጠሁት" የሚል ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል፤ ስሙ ካርታው ላይ ነበር። ቤቱን ለወዳጁ ዕዳ ያስያዘ ሰው በሐራጅ ቀን ከተበዳሪው የሚለየው ነገር የለም። እንዲያውም ይብሳል፤ ገንዘቡን አልበላውም።

11. ዕዳ ሲያልቅ ወረቀቱም ይለቅ። ብድሩን ከፍሎ የጨረሰ ሰው በደስታ ድግስ ይደግሳል፣ መያዣው ከማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ መነሣቱን ግን አይጠይቅም። ከባንኩ የዕዳ ነፃ ደብዳቤ ይውሰድ፣ ካርታውን ይረከብ፣ ደብዳቤውን ይዞ ይዞታው ከተመዘገበበት ቢሮ እግዱን ያስነሣ። አለዚያ ልጆቹ ቤቱን ሊካፈሉ ሲሉ የሞተ አባታቸው ዕዳ አለበት ይባላሉ፤ ደብዳቤውን መጻፍ ያለበት ባንክም ስሙን ቀይሮ ወይም ከሌላ ጋር ተዋህዶ ያገኙታል።

12. መዳን የማይችል ቤት ካለ በጊዜ ይሸጥ። ይህን መናገር ይከብዳል፤ ሁሉም ቤት አይድንም። ገቢው የቆመ፣ ዕዳው ከዋጋው የተጠጋ ቤት ላይ የሰውን ገንዘብ አታፍስሱ። ያኔ ሽማግሌዎቹ ባንኩን ያነጋግሩና ባለቤቱ ራሱ፣ ባንኩ እያወቀው፣ ገዢ ፈልጎ ይሽጥ። ተዝናንቶ የተሸጠ ቤት በሐራጅ ከተሸጠው የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ ሰው ሐራጅ ላይ የሚመጣው ርካሽ ፈልጎ ነው። የተረፈው ገንዘብ ለኪራይ ቤት፣ ለልጆች ትምህርት፣ ለአዲስ ሥራ መነሻ ይሆናል። እኛም ያን ቤተሰብ ከዕድሩ አንሰርዝ። ቀበሌ ቢቀይርም መዋጮውን እዚሁ ይክፈል።

እንግዲህ የሚቀጥለው ወር ስብሰባ አጀንዳ ላይ ይህን አስገቢው፤ ከድንኳን ጥገናው በፊት ይሁን፣ ከዚያ በኋላ ሰው ወደ ቤቱ መሄድ ይጀምራል። የሴቶቹን አፎቻ ሰብሳቢ እኔ አነጋግራታለሁ፤ የቆየ ወዳጅነት አለን። የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ጋ ግን አንቺ ሂጂ፤ ሰኞ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ድረሺ፣ ሊቀመንበሩ ከዚያ በኋላ አይገኝም። መዝገቡንም ይዘሽ ሂጂ። ነገ አትበይ።